መጀመሪያ የሌለው ወንጌል

አኖ ሚርሲኒ፣ ናክሶስ ደሴት
ኦክቶበር 12 ቀን 1963

የተወደድክ ልጄ ፍሎሪዮስ፣

ቅድስት ኪርያኪ በሄድክበት ሁሉ ትቅደምህ፤ የዚያ አገር ብርድ አጥንትህን አይንካው፤ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቃናልህ። እኔ ከናፍቆትህና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝምድናችን ራቅ ያለ ነው ብለህ ነው መሰል ከሄድክ ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍክልኝም። እናትህና እኔ የሁለት ወንድማማቾች የልጅ ልጆች ነን። ይኼ ሩቅ ከተባለ አንተ ያለህበት በርን የሚባለው ከተማ ምን ሊባል ነው?

አሁን ወሬ ልንገርህ። አርጊሮ አረፈች። በኦገስት፣ በለሱ በሚበስልበት ሙቀት። አታልቅስ፣ ጠግባ ነው የሄደችው። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ምላሷ አልደከመም፤ ሊሰናበታት የመጣውን ሁሉ «በሩን ዝጉት፣ ዝንብ አታስገቡብኝ» ትል ነበር። ታዲያ አስጠራችኝና አልጋዋ ሥር ስንበረከክ ጆሮዬን ቆንጥጣ ያዘች። «ዛምቤታ፣ ከእንግዲህ የምትጀምሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ፍሎሪዮስ፣ ጆሮዬ ቀልቶ ነው የወጣሁት፤ ደስታው ይሁን ቁንጥጫው እኔም አላውቅ። በአርባዋ ንፍሮው ሲታደል ሴቱ ሁሉ እየመጣ ጉንጬን ይስመኝ ነበር፤ ሙሽራ መሰልኩ እልሃለሁ።

አዲስ ቄስም መጥቶልናል። አባ ፕሮኮፒስ ይባላል፤ የከተማ ልጅ ነው፤ ጺሙ ገና እዚህም እዚያም ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንተ ስጽፍ ግን ልጄ የሚሆነውን ሰው «አሉ» ማለት እምቢ ብሎኛል። ክፉ አይደለም። ብቻ ሁሉንም ነገር ይወለውላል። ሥዕሎቹን በሆምጣጤ ወልውሎ ጨረሰና አሮጌውን ወንጌል ከሣጥኑ አወጣ።

«የመጀመሪያው ቅጠል የት አለ?» አለኝ።

«አያቶቻችን በደወል ለወጡት» አልኩት።

«ማለት?»

«ማለትማ፣ አንድ መንገደኛ ፈረንጅ መጣ፤ ወርቁንና ሥዕሉን አይቶ ቅጠሏን ወደዳት። ወንዶቹ ተሰብስበው መከሩና ደወል ከላከልን ይውሰዳት አሉ። ላከ። ያ ስትደውሉት እንደ ድስት ክዳን የሚንኳኳው እሱ ነው።»

የዚያ መጽሐፍ ንባብ በበዓላት ተራ የተጻፈ ስለሆነ ከፋሲካ እንደሚጀምር ታውቃለህ፤ እና የጠፋው የፋሲካው ወንጌል መግቢያ ነው። ለአባ ፕሮኮፒስ ሁሉንም ነገርኩት። በዚያ ዓመት በፋሲካ ንጋት ቄሱ ግቢው መሃል መጽሐፉን ሲገልጥ መጀመሪያ የለም። በኀፍረት አፉ ተያዘ። ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን ያያሉ፤ ቅጠሏን የሰጡት እነሱ ናቸዋ! ያኔ ከሴቶቹ መሃል አንዷ በቃሏ ጀመረችው፤ ሕዝቡ ተከተላት፤ ሁለተኛው ቅጠል እስከሚጀምርበት ድረስ አብረው ዘለቁትና ከዚያ ቄሱ ከመጽሐፉ ተቀበለ። ከዚያን ዓመት ወዲህ መጀመሪያው የሴቶች ነው። ወንዶች ሰጡት፣ ሴቶች መለስነው።

አባ ፕሮኮፒስ ያቺን ጺሙን ጎተት ጎተት አደረገና «ሥርዓት አይደለም» አለ።

«አይደለም፣ የኛ ነው» ብዬው ወጣሁ።

እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በፋሲካ ንጋት የግቢው ድንጋይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታስታውሳለህ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላክልኝ። የምትጀምር ሴት ጥርሷ መንቀጫቀጭ የለበትም።

አንተን በማየት ዓይኗን እንድታሳርፍ የምትመኝ አክስትህ
ዛምቤታ


በርን
ኖቬምበር 20 ቀን 1963

ለምወድዎት አክስቴ ዛምቤታ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስላልጻፍኩ ይርገሙኝ፣ ግን በቀስታ። የአርጊሮን ነፍስ ይማር። የእርስዎን ዜና ሳነብ መጽሐፍ በምንጠርዝበት ጠረጴዛ ላይ በመዳፌ መታሁና አለቃዬ ሙጫውን ደፋ። እንኳን ደስ አለዎት! ካልሲው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል፤ እዚህ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚያደርጉት ነው።

አሁን ቁጭ ይበሉ። ተቀምጠዋል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልቴት ወደ ሱቃችን መጣች፤ ወይዘሮ ሽቱደር ትባላለች። ብል የበላው የእንጨት ክፈፍ ይዛለች፤ መስታወቱ ውስጥ አንድ የብራና ቅጠል አለ። «እንጨቱን ለውጡልኝ» አለች። እኔ ክፈፉን ተቀብዬ ገለበጥኩት። አክስቴ፣ የወርቅ ቅስት፣ ከሥሩ ዮሐንስ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ከሱ ሥር የኛ አገር ፊደል። ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ ቃጠሎ! በልጅነታችን በሁለተኛው ቅጠል ቀዳዳ ጣታችንን እየከተትን ከሟቹ ቄስ በጥፊ የምንመታበት ያ ቃጠሎ። ድሮ ሻማ ወድቆ ሁለቱን ቅጠሎች አንድ ላይ በልቷቸው ነበር ማለት ነው።

ንባቡን አየሁት። የሚያልቀው የት ይመስልዎታል? ሁላችንም ዝም ስንል ቄሱ ጉሮሮውን የሚጠርግባት ቦታ ላይ ነው። ከፊደሉ በላይ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን የሚያሳዩትን ቀያዮቹን ምልክቶች በጣቴ ስከተል የአርጊሮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። አለቃዬ ፊት አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ለወይዘሮ ሽቱደር ነገርኳት። መንገደኛው የባሏ አያት ነበር። ደግ ሴት ናት፣ ግን በአፍ ብቻ አታምንም። «የመንደርህ መጽሐፍ ላይ ያለው ቃጠሎ ከዚህ ጋር ከገጠመ ቅጠሉ ወደ ቤቱ ይሂድ» ብላኛለች። ከርስዎ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ሁለተኛው ቅጠል ላይ አድርገው የቃጠሎውን ዙሪያ በእርሳስ ይከተሉትና ይላኩልኝ። እስኪረጋገጥ ለማንም አይንገሩ። ሰው በከንቱ ተስፋ እንዳያደርግ ነው።

አክስቴ፣ መጀመሪያችን ሊመጣ ነው!

እጅዎን የሚስመው
ፍሎሪዮስ


አኖ ሚርሲኒ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1964

የተወደድክ፣ የተባረክ፣ ክፉ የማይንካህ ልጄ ፍሎሪዮስ፣

አዲሱ ዓመት የጤና፣ የሰላም፣ የእንጀራ፣ የሚስትም ይሁንልህ። የውሃው በዓል በደህና አለፈ። ቅዱስ ባስልዮስ በሩን ከፍቶ ይግባልህ፣ ጌታ በዮርዳኖስ የባረከውን ውሃ ያጠጣህ፣ በእግርህ ሥር እሾህ አይብቀል፣ በራስህ ላይ ጣራ አያፍስስ።

ካልሲው ደረሰኝ። ወይ ካልሲ! የጎረቤቶቼ ዓይን ወጣ። ቀን አደርገዋለሁ፣ ማታ አወልቄ ትራሴ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ዘንድሮ በረዶ እስከ ደፉ ወርዶብናል። አሳማውን አረድን፤ ቋሊማው ማጀት ውስጥ ተሰቅሏል፤ አንተ ብትኖር አንዱን ሰርቀህ ነበር። ፍየሊቱ የአባ ፕሮኮፒስን ቆብ በልታበት አንድ ሳምንት ሙሉ ስቀናል፤ እሱ ራሱ ሳይቀር ሳቀ፤ ይኼን ሳልነግርህ አልቀርም። የወይራው ዘይት ዘንድሮ አረንጓዴ ነው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ደስ ይላል። ሌላም ብዙ ወሬ ነበረኝ፣ ረሳሁት።

የጠየቅከኝን በተመለከተ፣ በመንደሩ ስስ ወረቀት የለም።

በዚያ ላይ የመጽሐፉ ሣጥን በዝናቡ አብጦ ክዳኑ እምቢ ብሏል። በዚያ ላይ ቁልፉ ቄሱ ጋ ነው። በዚያ ላይ ዓይኔ።

ለጉሮሮ የሚሆን የሚመጠጥ ከረሜላ እዚያ አገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢገኝ ላክልኝ።

ዛምቤታ


በርን
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1964

ለምወድዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስዎት። ምርቃትዎን ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ከረሜላውን ልኬያለሁ። ስስ ወረቀትም ልኬያለሁ፣ ጥቅልሉን እንዳለ፤ እርሳስም አለበት፤ ተቀርጿል።

አክስቴ፣ ልጠይቅዎት፤ አልተደሰቱም እንዴ? ስለ አሳማው፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ቆቡ ሁሉ ጽፈውልኝ ስለ ቅጠሉ ሲደርሱ ሣጥኑ አበጠ። እኔ የማውቃት ዛምቤታ ሣጥኑ እምቢ ቢላት በመጥረቢያ ትከፍተው ነበር።

የምቸኩለው ወድጄ አይደለም። ወይዘሮ ሽቱደር አሮጊት ናት፤ የባሏ ወንድም ልጆች ቅጠሉን ለጨረታ ሊያወጡት ቋምጠዋል። በየእሑዱ መጥተው ሻይዋን እየጠጡ ግድግዳውን ያያሉ። ክፈፉን ሱቃችን እንዲቆይ ያደረገችው ከነሱ ደብቃ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሁ ለአባ ፕሮኮፒስ መጻፌ ነው። አይቀየሙኝም መቼም?

የእርስዎው
ፍሎሪዮስ


አኖ ሚርሲኒ
ማርች 10 ቀን 1964

ፍሎሪዮስ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ቄስህ ደብዳቤህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ አነበበው። የቃጠሎውንም ዙሪያ በዚያው ቀን ስሎ በሰኞው መርከብ ላከልህ። ሣጥኑ ወዲያው ተከፈተለት፤ አላበጠም ነበር፤ ዋሽቼህ ነው፣ ይኸው።

ያን ቀን የሆነውን ብታይ! ያንን ድስት ክዳን ደወሉት፣ ደወሉት፣ ድመት ሁሉ ወደ ተራራ ሸሸ። ወንዶቹ ይተቃቀፋሉ። አያቶቻቸው የሰጡትን እነሱ ተዋግተው ያስመለሱት ይመስል አንዱ ሌላውን እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ከዚያ አባ ፕሮኮፒስ እጁን አነሣና «እንግዲህ መጽሐፋችን ሙሉ ይሆናል። በዚህ ፋሲካ ቄስ ወንጌሉን እንደ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባል። እኅቶቻችንም ከድካም ያርፋሉ» አለ።

ከድካም! አንድ በአንድ እየመጡ «ዛምቤታ፣ ተገላገልሽ» ይሉኛል። ማን ነው እንድገላገል የለመናቸው?

እኔ ቂል ሆኜ ዝም አልኩህ፤ አሁን ግን ልናገር። ከአራት እኅቶች ሦስተኛዋ ነኝ። የሠርግ ቀሚሴ የታላቄ ነበር። ያገባሁት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣ ግማሹን ጊዜ በሷ ስም ነበር የሚጠራኝ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከአርጊሮ ትከሻ ኋላ ቆሜ አረጀሁ፤ ከፊቷ ይልቅ የቀሚሷን ስፌት አውቀዋለሁ። በሕይወቴ ምንም ነገር ጀምሬ አላውቅም። ሌላው የጀመረውን ነው የተቀበልኩት። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አፌን ስከፍት ከኔ በፊት ማንም ያልተናገረበት ዝምታ እንዲሆን ፈለግሁ። ይኼው ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ለኔ ግን ትልቅ ነው። ሞኝ አሮጊት በለኝ፣ ግድ የለኝም።

ቅጠሉ ይቅር አልልህም። የኛ ነው። ለነዚያ ሻይ ጠጪዎች ሸቀጥ ይሁን ብል ቅድስት ኪርያኪ ምላሴን ትያዘው። ይምጣ። ብቻ ደስ ይበልሽ አትበለኝ፤ ደስ አላለኝም።

ዛምቤታ


በርን
ማርች 28 ቀን 1964

አክስቴ፣

ምርቃቱ በስህተት ከኋላ ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። የለም። ተቀበልኩት፤ ይገባኛል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ቅጠል እንጂ ሰው አላየሁም ነበር። መንደር ሆኜ ባድግም ወንድ ነኝና በኛ በኩል ስለሚቆመው እንጂ በናንተ በኩል ስላለው አላሰብኩም።

የአባ ፕሮኮፒስ ወረቀት ደርሶ ወይዘሮ ሽቱደር ራሷ ቅጠሉ ላይ አደረገችው። ገጠመ። ምንም አልተረፈ፣ ምንም አልጎደለ። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጄን ጨበጠችኝ። እኔ ግን ፊቴ ልክ ስላልነበረ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ፤ ደብዳቤዎን አውጥቼ ወደ ቋንቋዋ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሳልጠይቅዎት ነው፣ ይህንንም ይጨምሩበት። ስለ ደወሉና ስለ ድመቶቹ ስትስቅ ሻይዋ ተደፋ። የአርጊሮ ቀሚስ ስፌት ላይ ስደርስ መነጽሯን አወለቀች።

ከዚያ ስትጠይቀኝ ዋለች። ቄሱ የት ይቆማል? ሴቶቹስ? መጽሐፉ ለንባብ ወደ ግቢ ይወጣል ወይስ ውስጥ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በሴቶች በኩል ያለው ግድግዳ እርጥበት አለው? እኔ መለስኩላት። በኋላ የስጦታውን ወረቀት በኛ ቋንቋ እንድጽፍላት አዘዘችኝ። የጻፍኩት እሷ ያለችውን ነው፤ እሺ፣ በአብዛኛው እሷ ያለችውን። ፈርማበታለች፤ ከመፈረሟ በፊትም አንዴ ዓይን ዓይኔን አይታኛለች።

እኔ ለፋሲካ ፈቃድ ከለከሉኝ። ቅጠሉን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት፤ በባቡር እስከ ጣልያን፣ ከዚያ በመርከብ። እርስዎ ቤት ትረፍ። ከርስዎ በቀር ማንም ዘንድ ማረፍ አልፈልግም ብላለች።

ለጊዜው ሌላ የምጽፈው የለኝም። ካልሲዎን ያድርጉ።

ፍሎሪዮስ


አኖ ሚርሲኒ
ኤፕሪል 16 ቀን 1964

ልጄ ፍሎሪዮስ፣

ጤና ይስጥህ። የምርቃቱን ግማሽ ልኬልሃለሁ፤ ሌላው ግማሽ እንደ ሁኔታው ነው።

ገመናዬን ለፈረንጅ ማንበብህን ሰማሁ። ያቺ ሴት መነጽሯን ስላወለቀች ብቻ ምሬሃለሁ። ትምጣ። ትልቁን አልጋ እለቅላታለሁ። ጨው ትበላለች? በሕማማት ሳምንት ትጾማለች ወይስ ተደብቄ አይብ ልስጣት? ሽንብራ ይስማማታል? ቶሎ ጻፍልኝ።

እኔ በፋሲካ ንጋት ግቢው ውስጥ አልገኝም። ጉንፋን ይይዘኛል። አሁን ደህና ነኝ፣ ግን ቅዳሜ ማታ ይጀምረኛል፣ እሑድ ያፍነኛል። እዚያ ቆሜ ያ ልጅ የኔን ቃል ከቅጠሉ ሲያነበው ከማይ አልጋዬ ላይ ሆኜ ባስነጥስ ይሻለኛል።

ዛምቤታ


አኖ ሚርሲኒ
ሜይ 6 ቀን 1964

የልቤ ልጅ፣ ወርቄ፣ ተንኮለኛው ፍሎሪዮስ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! ምርቃትህን ሙሉውን ውሰድ፣ ያቆየሁትንም ጨምሬ። ከመሬት በረከት፣ ከሰማይ ጠል ይውረድልህ፤ ጠላትህ ስምህን ሲጠራ ይሰናከል፤ የምትወልዳቸው ልጆች አፋቸውን ሞልተው ይናገሩ።

ሴትዮህ የማክሰኞ ቀን ደረሰች። ቅጠሏን በሻል ጠቅልላ በቅሎ ላይ አስራታለች፣ እሷ በእግሯ! በዚያ ዕድሜ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ «በቅሎ ናት ወይስ ሴት?» ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ምን እንዳልኩ ሳታውቅ ሳቀች። በአንድ ቃል አንግባባም፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስናወራ ነው የሰነበትነው። በቋንቋዋ ትነግረኛለች፣ በቋንቋዬ እመልስላታለሁ፣ አንዳንዴም እንጣላለን። የትርንጎ አረቄ ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላና ብርጭቆዋን መልሳ ዘረጋች። ጾሙንም ጾማለች፤ አንተ ስለማትመልስልኝ ሽንብራ ነው ያበላኋት።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላ። ሻሉን ስትፈታ፣ ፍሎሪዮስ፣ ወርቁ! ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንድ ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ «በዚህ ነው ያንን ደወል የለወጡት?» አለ። ከዚያ አባ ፕሮኮፒስ ያንተን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው። ቅጠሉ ለቅድስት ኪርያኪ ቤተ ክርስቲያን ለዘላለም ይሁን፤ ሁሉም አሜን አለ። ከመስታወቱ ፈጽሞ አይውጣ፣ በመርፌም ወደ መጽሐፉ አይሰፋ፤ አሜን። በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ እዚህ ላይ ሴቶቹ ብቻ አሜን አልን። ከዚያ ግድግዳ ለማንም፣ ለምንም፣ ለፋሲካም ቢሆን አይነሣ። አባ ፕሮኮፒስ ይህችን ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ሁለተኛዋን በቀስታ። ጆሮው ቀላ። ሴትዮህ ግን ቆማ አልጠበቀችም፤ መዶሻ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ምስማሩን ራሷ መታችው።

ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ማን እንደጻፋት አውቃለሁ። ሴትዮዋ ፋሲካ መቼ እንደሆነ እንኳ የጠየቀችኝ በጣቷ እየቆጠረች ነው። ዝም በል፣ እኔም ዝም ብያለሁ።

ከሰዓት በኋላ የፋሲካውን በግ ሆድ በሩዝና በጉበት ስሞላ በሬ ተንኳኳ። አባ ፕሮኮፒስ ነው፣ ብቻውን።

«እማማ ዛምቤታ፣ ጉንፋን ሊይዝዎት ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ከማታ ጀምሮ» አልኩት።

ሳይጋበዝ ተቀመጠ። «የታተመ ወንጌል አለኝ፤ ከሱ ማንበብ እችል ነበር» አለ።

«ይችላሉ። ማን ይከለክልዎታል?»

«ማንም አይከለክለኝም። ዛሬ ጠዋት ግን አየሁ። ወረቀቱን ሳነብ ወንዶቹ እኔን ነበር የሚያዩት፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም እርስዎን። ነገ ከመጀመሪያው ባነብ ማንም አይቃወመኝም፤ ዝም ብለው ይሰሙኛል። በዚህ መንደር ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው ነው የሚሰሙኝ። ነገም እንደዚያው እንዲሆን አልፈልግም።» ከዚያ ጺሙን ጎተት አደረገ። «ይኼ ጉንፋን መቼ ነው የሚለቅዎት?»

«ስለመን» አልኩት።

«ለመንኩ።»

ምስኪን ልጅ! እጄ ሩዝና ጉበት ሆኖ እንዳለ አቀፍኩት፤ ልብሱን አበላሸሁበት። ለመወልወል ይወድ የለ፣ ይወልውለው።

እሑድ ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ነበርን። ሴትዮህ ከጎኔ ቆማ ክንዴን ይዛለች። አባ ፕሮኮፒስ አሮጌውን ወንጌል አቅፎ ወጣ፣ ማስቀመጫው ላይ አኖረው፣ ገለጠው። መጀመሪያ የለውም። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ዝቅ አደረገ። ያኔ እኮ ማንም አልሳለም፤ ሕፃን አላለቀሰም፤ የጎረቤቴ አህያ እንኳ ዝም ብሎ ነበር። ከፊቴ ትከሻ የለም። ባሕሩ ነው ያለው። አፌን ከፈትኩና «በመጀመሪያ» አልኩ፤ ድምፄ ግቢውን አልፎ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ከዚያ ቆምኩ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል፤ አባ ፕሮኮፒስ በከንፈሩ ሊረዳኝ ይሞክራል፤ ሴትዮህ ክንዴን ትጨብጣለች፤ ከኋላዬ ያሉት «ምስኪን፣ ጠፋባት» ብለው ደንግጠዋል። ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ካለ ዛምቤታ ፈርታ ተያዘች ብሎህ ይሆናል። እንዳታምን። አልፈራሁም፣ አልጠፋብኝም። ጣፍጦኝ ነው።

በሙሉ ድምፅ የምትሰናበትህ አክስትህ
ዛምቤታ